ዕፁ የሌሎች፣ ስሙ የፐርሽ

እ.ኤ.አ. በ1814 ከአንድ ጉዞ የተወለዱ ሁለት መጻሕፍት ለአንባቢ ደረሱ። አንደኛው ፊላደልፊያ የታተመው የሜሪዌዘር ሉዊስና የዊሊያም ክላርክ የጉዞ ታሪክ ነው። ከሚዙሪ ወንዝ ተነስቶ ፓስፊክ ውቅያኖስ ደርሶ የተመለሰውን ዘመቻ በሰፊው ይተርካል። ሉዊስ በመንገድ ላይ እየቆረጠ ሲያደርቃቸው ስለከረመው ዕፅዋት ይወጣል የተባለው ሳይንሳዊ ቅጽ ግን ከታሪኩ ጋር አልወጣም፤ ኋላም የሚጽፈው አልተገኘም። ሁለተኛው መጽሐፍ የታተመው ለንደን ነው። በላቲን «ፍሎራ አሜሪኬ ሴፕቴንትሪዮናሊስ» ይሰኛል፤ የሰሜን አሜሪካ ዕፅዋት ማለት ነው። ደራሲው ፍሬደሪክ ፐርሽ፣ ከጀርመን አገር ከሳክሶኒ የመጣ አትክልተኛ ነው። አሜሪካውያን የራሳቸው መኮንኖች ከዳር አገር ያመጡትን ዕፅ ስምና ገለጻ ለማየት የለንደን መጽሐፍ መግዛት ግድ ሆነባቸው፤ ያውም ሁለቱ መንግሥታት ጦር ተማዘው ሳለ።

የፐርሽ «ፍሎራ» ሁለት ቅጽ ነው። ከ3000 በላይ ዝርያዎች ተዘርዝረውበታል፣ 24 የመዳብ ቅርጽ ሥዕሎችም አሉት። ከሱ በፊት የነበረው ትልቁ ሥራ የፈረንሳዊው አንድሬ ሚሾ ነበር። ያ መጽሐፍ በ1803 ፓሪስ ሲታተም ሚሾ ራሱ አልፎ ነበር፤ የያዘው የዝርያ ቁጥርም ከፐርሽ እጅግ ያነሰ ነው፣ ዓይኑም ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ ብዙ አላየም። ፐርሽ ግን ከአትላንቲክ እስከ ፓስፊክ ያለውን አህጉር በአንድ መጽሐፍ ለመሰብሰብ የመጀመሪያው ሆነ። የርዕሱ ገጽ 1814 ይበል እንጂ መጽሐፉ እጅ የገባው በ1813 ታኅሣሥ ላይ ነው። በዕፅዋት ስም አሰጣጥ ደግሞ ቀድሞ ያተመ ባለ መብት ስለሆነ፣ የአንድ ወር ልዩነት እንኳ ዋጋ አላት።

ስለዚህ መጽሐፍ ሁለት ወሬ ሲነገር ኖሯል። አንዱ የአሜሪካን ሥነ ዕፅዋት መሠረት የጣለ ታላቅ ሥራ ነው ይላል፤ ሌላው የሰው ናሙና ዘርፎ ስሙን የለጠፈ ሰው ሥራ ነው ይላል። ሁለቱም ወሬዎች መጽሐፉን በሙሉ በአንድ ሚዛን ስለሚመዝኑት ስተዋል ባይ ነኝ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ፐርሽ የሌሎችን ዕፅ የወሰደባቸው ቢያንስ ሦስት ዓይነት መንገዶች አሉ፤ አንዱ የሚመሰገንበት፣ አንዱ የሚያከራክር፣ አንዱ ደግሞ የሚወቀስበት። እነሱን ለመለየት ሰውየው ከማን ጋር ሠርቶ፣ በማን ደሞዝ በልቶ፣ ከማን ቤት ወጥቶ ለንደን እንደደረሰ ማወቅ ያስፈልጋል።

ፐርሽ የተወለደው በ1774 በሳክሶኒዋ ግሮሰንሃይን ከተማ ነው። ሙያውን የተማረው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሳይሆን ድሬስደን በሚገኘው የዕፅዋት ቦታ አፈር እየቆፈረ ነው። በ1799 ወደ አሜሪካ ተሻገረ። መጀመሪያ ባልቲሞር አካባቢ ቆየ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ፊላደልፊያ ዳርቻ «ዉድላንድስ» የተባለውን የዊሊያም ሃሚልተንን ሰፊ የአትክልት ርስት ማስተዳደር ጀመረ። ሃሚልተን ሀብታም ነው፣ ከየትም የመጣ ዕፅ ግቢው እንዲበቅልለት የሚሻ ሰው። አትክልተኛው በየቀኑ የሚያየው ዕፅ፣ ሌላ ተመራማሪ ለማየት ሳምንታት መጓዝ የነበረበት ነው። የፐርሽ ትምህርት ቤት ይህ ግቢ ነበር ማለት ይቻላል።

በዚያ ዘመን ፊላደልፊያ የአሜሪካ ዕፅዋት ዕውቀት መዲና ነበረች። ከከተማዋ ወጣ ብሎ የጆን ባርትራም ልጅ ዊሊያም ባርትራም የአባቱን የዕፅዋት ቦታ ይዞ ይኖራል። ላንካስተር ላይ የሉተራን ቄሱ ሄንሪ ሙሌንበርግ ከስብከቱ በተረፈው ጊዜ ሣርና ሸንበቆ ሳይቀር ይመዘግባል። አየርላንዳዊው የዘር ነጋዴ በርናርድ ማክማሆን ሱቁን ለዕፅዋት አፍቃሪዎች መሰብሰቢያ አድርጎታል። የሁሉም ቁንጮ ደግሞ የፔንስልቬኒያ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ቤንጃሚን ስሚዝ ባርተን ነው፤ በ1803 የመጀመሪያውን አሜሪካዊ የሥነ ዕፅዋት መማሪያ መጽሐፍ ያሳተመ፣ ሉዊስም ከዘመቻው በፊት በፕሬዚዳንት ጄፈርሰን ትእዛዝ ሄዶ የተማረበት ሊቅ።

ባርተን የሰሜን አሜሪካን ሙሉ ፍሎራ ሊጽፍ አቅዶ ነበር። ዕቅዱን ሁሉም ሰምቷል፤ መጽሐፉን ያየ ግን የለም። ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ። ሰውየው ጤና አልነበረውም፣ ማስተማሩም ሕክምናውም ጊዜውን ይበላበታል፣ የጀመራቸው ሥራዎችም ከጨረሳቸው ይበልጣሉ። ራሱ ሜዳ መውጣት ስላልቻለ የሚወጡለትን ወጣቶች ይቀጥራል። ፐርሽ አንዱ ነበር፤ በባርተን ወጪ በ1806 ወደ ደቡቡ ተራሮች፣ በ1807 ደግሞ ወደ ሰሜን እስከ ኒውዮርክና ቨርሞንት ተጓዘ። በሺህ የሚቆጠር ማይል፣ አብዛኛውን በእግሩ፣ ጠመንጃውንና ውሻውን ብቻ ጓደኛ አድርጎ። ከሱ በኋላ በ1810 የተቀጠረው እንግሊዛዊ ወጣት ቶማስ ነታል በወር ስምንት ዶላርና የመንገድ ወጪ ተቆርጦለት፣ የሚሰበስበው ሁሉ የባርተን ንብረት እንዲሆን ፈርሞ ነበር። የዚያ ዘመን የሙያ ግንኙነት በአመዛኙ እንዲህ ነበር፤ እግሩና ዓይኑ የአንዱ፣ ስሙ የሌላው። ፐርሽ ለንደን ሲደርስ ጨዋታውን ገለበጠው።

ሉዊስ ከዘመቻው ተመልሶ በ1807 ጸደይ ፊላደልፊያ ሲመጣ፣ ማክማሆን እቤቱ ለተቀመጠው ለዚህ ጀርመናዊ ምስክርነት ሰጠ፤ ዕፅዋቱን ለመግለጽና ለመሳል ከሱ የተሻለ አታገኝም ብሎ ጻፈለት። ሉዊስ በሁለት ጊዜ 70 ዶላር ከፍሎ ናሙናዎቹን አስረከበው። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ተሰናከለ። ሉዊስ የላይኛው ሉዊዚያና አገረ ገዢ ተብሎ ሴንት ሉዊስ ወረደ፤ የመጽሐፉ ሥራ አልተንቀሳቀሰም፤ በ1809 ጥቅምት ላይ ቴነሲ ውስጥ በመንገድ ላይ ሞተ። ፐርሽ ሥዕሎቹን ጨርሶ የሚረከበው አጣ። ክላርክ ወደ ፊላደልፊያ መጥቶ የሳይንሱን ክፍል ለባርተን በአደራ ሰጠ፤ ባርተን አንድ ገጽ ሳይጽፍ በ1815 አረፈ። ታሪኩን የጻፈው ወጣቱ ጠበቃ ኒኮላስ ቢድል ብቻ ድርሻውን ተወጣ።

ፐርሽ እስከዚያው ኒውዮርክ ሄዶ በሐኪሙ ዴቪድ ሆሳክ «ኤልጊን» የዕፅዋት ቦታ ተቀጥሮ ነበር፤ ዛሬ የሮክፌለር ሕንፃዎች የቆሙበት መሬት ነው። ሆሳክም ገንዘቡ አልቆ ቦታውን ለመሸጥ የተገደደበት ጊዜ ነበር። ከአንድ ዓመት የካሪቢያን ደሴቶች ቆይታ በኋላ ፐርሽ በ1811 መጨረሻ ወደ እንግሊዝ አቀና፤ በሻንጣው ውስጥ የራሱ ማስታወሻዎች፣ ለባርተን ሲጓዝ የሰበሰባቸው ዕፅዋት፣ ከሉዊስ ናሙናዎችም ከፊሉ ነበሩ። አሜሪካ ውስጥ ፍሎራውን የሚያሳትምለት ደጋፊ ፈልጎ አጥቷል። ለንደን ግን ኤይልመር ቡርክ ላምበርትን አገኘ፤ ባለጸጋ፣ የሊንየስ ማኅበር ምክትል ፕሬዚዳንት፣ የደረቁ ዕፅዋትን ስብስብ በመግዛት ቤቱን ያጣበበ ሰው። ላምበርት መጠጥ የሚወደውን ፐርሽን ፎቅ ላይ ቆልፎበት፣ ቢራ እያቀረበለት አስጻፈው ይባላል። እውነቱ ምንም ይሁን፣ መጽሐፉ በሁለት ዓመት ገደማ አለቀ። በዚያ ጽናት ላይ ላምበርት ድርሻ ካለው ምስጋናዬን አልነፍገውም።

ወደ መጽሐፉ ውስጥ እንግባ። እያንዳንዱ ዝርያ በላቲን አጭር ገለጻ ይሰጠዋል፤ ከሥሩ የሚበቅልበት ቦታ፣ የሚያብብበት ወር፣ አንዳንዴም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስታወሻ ይከተላል። እኔን የሚማርከኝ በመጨረሻ ላይ የምትቀመጠው ትንሽ ምልክት ናት። ፐርሽ ዕፁን ሕያው ሆኖ አይቶት ከሆነ በሁለት ፊደል ያን ያመለክታል፤ ደርቆ ብቻ አይቶት ከሆነ ሌላ ምልክት አድርጎ የማንን ስብስብ እንደተመለከተ ይጽፋል፤ የሉዊስን፣ የላምበርትን፣ የለንደኑን የሰር ጆሴፍ ባንክስን፣ ኋላ የምመለስበትን የጆን ብራድበሪን። አንባቢ ስለዚህ እያንዳንዱን ገጽ ሲያነብ ይህን በገዛ ዓይኑ ያየው ነው፣ ይህን ከወረቀት ላይ ነው፣ ይህ ደግሞ የእገሌ ነው እያለ መለየት ይችላል። ሌባ የሚባል ሰው የዕቃውን ባለቤት ስም በዕቃው ላይ ጽፎ አይተውም። ፐርሽ ላይ የሚሰነዘረው ክስ ብዙ ጊዜ ይህችን ምልክት አይቶ አያውቅም።

የሉዊስ ዕፅዋት የመጽሐፉ ልብ ናቸው። ከ120 በላይ የሚሆኑት ተጠቅሰዋል፣ ብዙዎቹም ለሳይንስ አዲስ ነበሩ። ፐርሽ በመቅድሙ እንደሚተርከው በመውጫው ጉዞ የተሰበሰበው ትልቁ ክፍል በተቀበረበት ቦታ ጠፍቷል፤ እሱ እጅ የደረሰው በችኮላ መልስ ጉዞ የተለቀመ 150 ያህል ናሙና ብቻ ነው። ከእነዚያ ውስጥ ቀድሞ የሚያውቃቸው ከደርዘን አይበልጡም ነበር። ለሉዊስና ለክላርክ መታሰቢያ ሁለት አዳዲስ የዕፅ ወገኖች ሰየመ፣ ሉዊሲያና ክላርኪያ። የሉዊሲያ ታሪክ ድንቅ ነው፤ ሉዊስ በ1806 ሐምሌ 1 ቀን በዛሬዋ ሞንታና የነቀለው፣ የሴሊሽ ሕዝብ በጸደይ ቆፍሮ ልጦ ቀቅሎ የሚበላው መራራ ሥር ነው። ደርቆ፣ ተጭኖ፣ አህጉር ተሻግሮ የመጣው ናሙና ፊላደልፊያ ውስጥ ቢተከል አቆጠቆጠ፤ ከአንድ ዓመት በላይም ኖረ። ፐርሽ የዝርያውን ስም «ረዲቪቫ» ያለው፣ ከሞት የተመለሰች ለማለት፣ ለዚህ ነው። ዛሬ የሞንታና ግዛት አበባ ናት። የሉዊስ ተልባ፣ የአይዳሆ ግዛት አበባ የሆነው የሉዊስ ፊላደልፈስም እንዲሁ ከዚሁ መጽሐፍ የወጡ ስሞች ናቸው።

ይህ ተገቢ ነበር? ፐርሽ ናሙናዎቹ የተሰጡት በሉዊስ የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ ገለጻቸው እንዲገባ መሆኑን በመቅድሙ አልደበቀም። ያ መጽሐፍ በጸሐፊው ሞት ቆመ፤ አደራውን የተቀበለው ባርተንም ዝም አለ። ሉዊስ ሕይወቱን አደጋ ላይ ጥሎ የሰበሰበውን ዕፅ ፐርሽ ባይገልጸው፣ በኋላ የመጡ ሰዎች ከሌላ ናሙና ተነስተው ሌላ ስም ይሰጡት ነበር፤ የሉዊስም ስም ከየትኛውም ሣር ጋር ባልተያያዘ። የተረፈው ናሙና ፊላደልፊያ በሚገኘው የአሜሪካ ፍልስፍና ማኅበር ሣጥን ውስጥ ለሰማንያ ዓመት ያህል ተረስቶ ነፍሳት ሲበላው ኖሮ በ1896 ቶማስ ሚሃን የተባለ ተመራማሪ ባያገኘው ኖሮ ዛሬም አይታወቅም ነበር። ፐርሽ ይዞት የሄደው ግን ከላምበርት ሞት በኋላ በ1842 ጨረታ ላይ ኤድዋርድ ታከርማን የተባለ አሜሪካዊ ገዝቶት ወደ ፊላደልፊያ ተመልሷል። ናሙና ይዞ ባሕር መሻገር ያስነቅፋል፤ ነገር ግን በአደራ ስም ታቅፎ መተኛትስ? በዚህ ጉዳይ ፍርዴ ለፐርሽ ነው።

የባርተን ጉዳይ ያን ያህል የጠራ አይደለም። ፐርሽ በባርተን ገንዘብ ተጉዞ ያየውን በራሱ መጽሐፍ አስገባ። ተቀጣሪ ነበርና የአሠሪው ድርሻ ሊከበር ይገባ ነበር የሚል ቢኖር አልከራከረውም። መቅድሙ ግን እዚህ ላይ ያንሸራትታል፤ የሁለቱን ጉዞዎች ዘመን ሲጠቅስ በአንድ ዓመት ወደኋላ ስቶ 1805 እና 1806 ይላል። በ1869 የታተመው የራሱ የ1807 የጉዞ ማስታወሻ ይህን ስሕተት ያጋልጣል። ሆን ብሎ ያደረገው አይመስለኝም፤ ከማስታወሻ ደብተሩ ርቆ በትዝታ የጻፈ ሰው ስሕተት ይመስላል። ቢሆንም በሌሎች ቀናትና ቦታዎች ላይ አንባቢ ጥርጣሬውን ይዞ እንዲሄድ ያስገድዳል።

መቅድሙን ካነሳን፣ በእኔ አስተያየት ከመጽሐፉ ሁሉ ሕያው የሆነው ክፍል ነው። ፐርሽ ደረቅ የላቲን ጸሐፊ ቢሆንም እዚህ ላይ ሰው ይሆናል። የጎበኛቸውን የዕፅዋት ቦታዎች፣ የተቀበሉትን ሰዎች፣ ለንደንና ኦክስፎርድ ውስጥ ገልጦ ያያቸውን የቆዩ ስብስቦች በቅደም ተከተል ይነግረናል። በቨርጂኒያ ዕፅ የሰበሰበው የክሌይተን ሥራ፣ የዋልተር፣ የሼራርድ፣ የፓላስ፤ መቶ ዓመት የሚሆን የአሜሪካ ዕፅ ሁሉ እንግሊዝ ውስጥ ተከማችቶ አገኘው። አሜሪካ ተቀምጦ ይህን ፍሎራ መጻፍ የማይቻለው ለዚህ ነበር። ባርተን ቢታገልም ጎዶሎ ይሆን ነበር፤ የማነጻጸሪያው ናሙና ማዶ ነውና። የአሜሪካን ሥነ ዕፅዋት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ፐርሽ ለምን ለንደን ሄደ ብለው ከመማረር ይልቅ ይህን ገጽ ደግመው ቢያነቡ ጥሩ ነው።

ድክመቱን ስንቆጥር አደረጃጀቱ ይቀድማል። ፐርሽ ዕፅዋቱን የደረደረው በሊንየስ ሥርዓት ነው፤ በአበባው ውስጥ ባሉት የወንዴ ክፍሎች ቁጥር ሃያ አራት ምድብ ተበጅቷል። ለጀማሪ ቀላል ነው፤ ቆጥሮ ማግኘት ብቻ ነው የሚጠይቀው። ዘመድ ከዘመድ ግን ይለያል። ሳልቪያ የኛ በሶብላ የሥጋ ዘመድ ነው፤ ቅጠሉም ሽታውም አራት ማዕዘን ግንዱም ይመሰክራል። ሳልቪያ ሁለት የወንዴ ክፍል ብቻ ስላለው ግን በዚህ ሥርዓት ከወገኑ ተነጥሎ በሌላ ምድብ ይወድቃል። ፈረንሳዮች ከ1789 ጀምሮ ዕፅዋትን በተፈጥሮ ዝምድናቸው መደርደር ጀምረዋል፤ ለንደን ውስጥም ሮበርት ብራውን በ1810 የአውስትራሊያን ዕፅዋት በዚያው መንገድ አሳትሟል። ፐርሽ ብራውን የሚሠራበት የባንክስ ቤት ገብቶ ናሙና ሲያይ ከርሞ መጽሐፉን ግን በአሮጌው መንገድ ሠራው። ከታተመበት ቀን ጀምሮ ያረጀ ነበር ማለት ነው።

ከወረቀት ላይ የመፍረድ አደጋም አለ። የምዕራቡን አንድም ዕፅ በቦታው አላየም፤ ሚሲሲፒን ተሻግሮ አያውቅም። ሉዊስ ያመጣውን አንድ ቁጥቋጦ በምሥራቅ ከሚታወቅ ዝርያ ጋር አንድ ነው ብሎ አለፈው፤ ከዓመታት በኋላ የጄኔቫው ደ ካንዶል ልዩ ዝርያ መሆኑን አይቶ፣ በደግነት ይሁን በምጸት፣ በራሱ በፐርሽ ስም ጠራው። ያ ተክል «ካስካራ» በሚል ስም ቅርፊቱ ሆድ ማለስለሻ ሆኖ ዓለምን የዞረው ነው። በአንጻሩ ግን የሚያስደስት ነገር አለ፤ የነዝ ፐርስ ሕዝብ የሚበላውን ሰማያዊ አበባ ያለውን ሽንኩርት መሰል ዕፅ «ኳማሽ» የሚለውን የአገሬውን ስም እንደያዘ መዘገበው፤ ስሙ ዛሬም በሳይንስ ውስጥ አለ። ሌሎቹን ለጌቶችና ለወዳጆች ሲያከፋፍል ይቺን አንዷን ለባለቤቶቿ ተወላቸው።

አሁን ወደ ጥቁሩ ነጥብ። ጆን ብራድበሪ የሊቨርፑል የዕፅዋት ቦታ ልኮት በ1809 አሜሪካ የደረሰ እንግሊዛዊ ነው። ጄፈርሰን ቤት ተስተናግዶ፣ ሴንት ሉዊስን ማዕከል እንዲያደርግ ተመክሮ፣ በ1811 ከጸጉራም የእንስሳት ቆዳ ነጋዴዎች ጋር ሚዙሪን ወጣ፤ ነታልም በዚያው ጉዞ አብሮት ነበር። የሰበሰበውን ወደ ሊቨርፑል ላከ። እሱ ራሱ ሊመለስ ሲል የ1812 ጦርነት ፈነዳና አሜሪካ ውስጥ ታገተ። እሱ ማዶ ተቀርቅሮ ሳለ ከናሙናዎቹ የተወሰነው በሊቨርፑሉ ዊሊያም ሮስኮ በኩል ላምበርት እጅ ገባ፤ ላምበርት ለፐርሽ አሳየው፤ ፐርሽም አዳዲሶቹን ለቅሞ በመጽሐፉ አባሪ ውስጥ በራሱ ስም ገለጻቸው። ብራድበሪ በ1817 ሊቨርፑል ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ የድካሜን ክብርም ጥቅምም አሳጣኝ ሲል አምርሮ ጻፈ። ከዚያ በኋላ በዕፅዋት ዓለም ብዙ አልታየም። በ1823 ኬንታኪ ውስጥ ሞተ።

ፐርሽ እዚህም ላይ የብራድበሪን ስብስብ እንዳየ በምልክቱ ጽፏል። እሱን ከላይ በመከላከያነት አቅርቤዋለሁ፤ እዚህ ግን አያድነውም። ሉዊስ ሞቶ ነበር፤ ባርተን ተኝቶ ነበር፤ ብራድበሪ ግን በሕይወት አለ፣ ሙያው ነው፣ ሥራውን ራሱ ሊጽፍ ሊመለስ መንገድ የዘጋበት ጦርነት ነው። አባሪውን አስቀርቶ ፍሎራው ቢታተም ምን ይጎድለው ነበር? ሦስት ሺህ ዝርያ ባለው መጽሐፍ ውስጥ የጥቂት ደርዘን መጨመር ስፋቱን አያሳይም። የሮስኮና የላምበርትም ድርሻ አይናቅም፤ የሌላውን ናሙና አሳልፎ መስጠትና የራስን ተቀጣሪ በሱ ላይ ማሠማራት የጌቶች ሥራ ነው። ይሁንና ብዕሩን የያዘው ፐርሽ ነው። ዓመታት ሙሉ ለባርተን ሲለፋ ስሙ ያልተጠራለት ሰው፣ በእጁ ላይ ዕድል ሲወድቅ በሌላ ለፊ ላይ ያንኑ ደገመው።

ነታልም ተነክቶ ነበር፤ በዚያው ጉዞ ካገኛቸው ዕፅዋት አንዳንዶቹን ፐርሽ ቀደመው። ልዩነቱ ነታል አለመስበሩ ነው። ልጅ ሆኖ የማተሚያ ቤት ሙያ ተምሮ ነበርና በ1818 የሰሜን አሜሪካን የዕፅ ወገኖች የሚመለከት መጽሐፉን ፊላደልፊያ አሳተመ፤ የፊደሉንም ለቀማ አብዛኛውን በገዛ እጁ ሠራው ይባላል። ለዚያ ለዘር ነጋዴው ለማክማሆን «ማሆኒያ» የሚል ወገን የሰየመው ነታል ነው። በሥራ ጥራት ብናስተያያቸው ነታል ሜዳውን ያውቀዋል፤ ፐርሽ ሰፊ ነው፣ ነታል ጥልቅ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያላነበበ ሰው የዘመኑን ሥነ ዕፅዋት ግማሹን ብቻ ነው የሚያገኘው።

በዚያው በ1814፣ በዚያው በለንደን፣ የእኛን አገር የሚመለከት አንድ መጽሐፍ መውጣቱን ሳላነሳ ብቀር ይቆጨኛል። ሄንሪ ሶልት ወደ ትግራይ ተጉዞ ራስ ወልደ ሥላሴን ያነጋገረበትን የጉዞ ታሪክ አሳተመ። በመጽሐፉ አባሪ ውስጥ ሶልት ያመጣቸው የኢትዮጵያ ዕፅዋት ዝርዝር አለ፤ ያዘጋጀው ሮበርት ብራውን ነው፤ ፐርሽ የአሜሪካን ናሙና ሲመረምርበት በነበረው በሰር ጆሴፍ ባንክስ ቤት የመጻሕፍት ኃላፊው ብራውን። ብራውን ከፐርሽ የላቀ ሊቅ ነው፤ ይህን የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን ከሰጣቸው ስሞች ብዙዎቹ ገለጻ አልታከለባቸውም። ገለጻ የሌለው ስም ደግሞ በዕፅዋት ሕግ አይቆጠርም፤ ኋላ የመጡ ሰዎች እንደገና ሊገልጹት፣ ሊሰይሙት ግድ ሆነ። የትግራይ ዕፅ በሊቁ እጅ ባዶ ስም ሆኖ ሲቀር፣ የሞንታና ዕፅ በአትክልተኛው እጅ ሙሉ ዜግነት አገኘ። ፐርሽን የምመዝነው እንዲህ ካሉ የዘመኑ ሥራዎች ጋር አስተያይቼ ነው። ጨርሶ የሚያስረክብ ሰው በዚያ ዓለም ብርቅ ነበር።

የሰውየው ፍጻሜ አያምርም። ከፍሎራው በኋላ ወደ ካናዳ ተሻግሮ የዚያን አገር ዕፅዋት ለመጻፍ ለዓመታት ሰበሰበ፤ እስከ አንቲኮስቲ ደሴት ዘለቀ። ስብስቡ በኩቤክ በእሳት ጠፋ። በ1820 ሐምሌ ሞንትሪያል ውስጥ በድህነት ሞተ፤ የቀብሩን ወጪ የሸፈኑት ወዳጆቹ ናቸው። አርባ ስድስት ዓመቱ ነበር። ይህን የምጠቅሰው አንባቢ እንዲያዝንለት ብዬ አይደለም፤ ከፍሎራው ማን እንደተጠቀመ ለማሳየት ነው። ገንዘብ ያገኘበት አይመስልም፤ ያገኘው ስም ነው፣ ስሙም ከሞት በኋላ ነው የሠራለት።

መጽሐፉ ዛሬ በዲጂታል ተቀድቶ ማንም በነፃ ሊያነበው ይችላል። ላቲን የማያውቅ አንባቢ እንኳ መቅድሙን በእንግሊዝኛ አንብቦ ሰፊውን መረብ ማየት ይችላል። ከዚያ ወደ ሉዊሲያ ገጽ ይሂድ፤ ከዚያ ግን የሁለተኛውን ቅጽ መጨረሻ ሳያይ እንዳይዘጋው አደራ እላለሁ። ዋናው ሥራ በአሜሪካ ሊቃውንት ዳተኝነት መካከል የተገኘ ትልቅ ስጦታ ነው፤ ምስጋናው ሊነፈገው አይገባም። አባሪው ግን የብራድበሪ ነበር፣ ለብራድበሪም መቆየት ነበረበት።